ሽቦው ላይ የቀረ ጥቁር ጸጉር

ስልኩ የጮኸው ከኢድ አልፈጥር በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ በርጫ ላይ ናት፤ ሰው ተቀምጦ ጫት ይቅማል። ለእኔ ለእንስሳት ሐኪሙ የሚደውል ካለ ወይ የቸገረው ነው፣ ወይ ለከተማው እንግዳ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ያፈረጥካት በግ ጓደኛ አበጀች» አለችኝ እማማ።

«ስንት ጓደኛ?»

«ሁለት። አይ፣ ሦስት። አራተኛዋን እንጃ።»

ስሟን አልጽፍም። ሰፈሯ ገንደ ቆሬ ነው። ዕድሜዋ ከእናቴ ይበልጣል፤ ግን «አንቺ» ነው የምላት። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይበረክትም። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ይህን ሰምታ «አሳደግኩህ ወይስ ጣልኩህ?» ብላኛለች።

እማማ ግቢዋ ውስጥ 9 በጎች አሏት። ሁሉም የሱማሌ ጥቁር ራስ የሚባለው ዝርያ ናቸው። ራሳቸውና አንገታቸው ጥቁር፣ የቀረው ገላቸው ነጭ፣ ላታቸው አጭርና ደንዳና። የሚሸለት ሱፍ የላቸውም፤ ጸጉራቸው አጭር ነው። ዝርያውን ያነሳሁት በከንቱ አይደለም። ኋላ ላይ ነገሩን የፈታልን የጸጉሩ ቀለም ነው።

ከ9ኙ ሁለቱ ለአረፋ የሚደልቡ ሙክቶች ናቸው። ጠዋት የልጅ ልጇ ያወጣቸዋል። ጫት ተራውን ዞረው ገራባ ይለቅማሉ። ገራባ ማለት ሰው ቅሞ የጣለው የጫት ቅጠልና እንጨት ነው፤ ለምሥራቅ ሰው ይህን ማስረዳት ባያስፈልግም። ከዚያ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የፍራፍሬ ልጣጭ ሲፈልጉ ይውላሉ። ማታ ግቢ ገብተው የማሽላ አገዳና ፉርሽካ ይጨመርላቸዋል። የከተማ በግ ኑሮው እንዲህ ነው። ፊቱን የማይነክርበት ጉድ የለም።

አሁን ወደ ኅዳር ልመለስ፤ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።

ኅዳር ላይ አንዷ እናት በግ ከግራ ጆሮዋ ሥር፣ መንጋጭላዋ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ፣ እንቁላል የሚያህል እባጭ አወጣች። ከገበያ የተገዛች በግ ናት፤ እማማ ቤት ገና ዓመት አልሞላትም። ሄጄ አየኋት። እባጩ ለስልሷል። ጫፉ ላይ ጸጉሩ ረግፏል። «እሾህ ነው» አልኩ። ድሬ ላይ እሾህ ብሎ የሚሳሳት ጥቂት ነው፤ ግራሩ አለ፣ በለሱ አለ፣ አገዳው ራሱ ስንጥር አለው። ግቢው መሀል ካለው የኒም ዛፍ ሥር አስተኛናት። ቀደድኩ። መግሉን መሬት ላይ ጨመቅኩት። እማማ አንድ ጆግ ውሃ ደፋችበት። አዮዲን ቀባሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ሄድኩ።

መግሉ አይሸትም ነበር። ወፍራም ነው። ነጭ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። እንደ አይብ ይቆረሳል። ያኔ ታዝቤዋለሁ፤ ታዝቤም አለፍኩት። ሌላ ሁለት ቤት ይጠብቀኝ ስለነበር ነው ብል ሰበብ ይሆናል።

አሁን በስልክ «ጓደኛ አበጀች» ስትለኝ ቀን ቆጠርኩ። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት። ሆዴ ቦጭ አለ። እኔ የፈራሁት በሽታ ከአንዱ በግ ወደ ሌላው ገብቶ እባጭ እስኪያወጣ ከ2 እስከ 6 ወር ይፈጅበታል።

በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደረስኩ። በዚህ ወቅት ድሬ ላይ ከ4 ሰዓት በኋላ በግ መያዝ በጉንም ሰውንም ማሰቃየት ነው።

እባጭ ከመንካቴ በፊት ቆሜ አያለሁ። ፉርሽካ እንዲቀርብላቸው ጠየቅኩና በሩ ላይ ቆምኩ። ማን ቀድሞ ይሮጣል? ማን በአንድ በኩል ብቻ ያኝካል? ማን ወደ ኋላ ይቀራል? አምስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው። ግን በጉ ከተያዘ በኋላ ፈርቶ ስለሚደነዝዝ ይህን ዳግም አታገኘውም።

የመጀመሪያው ሙክት ቀድሞ ደረሰ። ከቀኝ ጆሮው ሥር ያበጠው ከሩቅ ይታያል፤ ግን ይበላል፣ ይጋፋል፣ ሌላውን በግንባሩ ይገፋል። ያዝነው። እባጩን በሁለት ጣት ስይዘው ካልሲ ውስጥ እንዳለ ሎሚ ከቆዳው ሥር ይንሸራተታል። አይሞቅም። ስጫነው በጉ ራሱን አይነጥቅም።

ሁለተኛዋ ሴት ጠቦት ናት። ከመንጋጭላዋ ሥር በግራ በኩል የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጠጣር ነገር አለቻት። ልጁ ነው በእጁ ሲዳብስ ያገኛት። ጎበዝ ልጅ ነው። አስራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔ ኅዳር ላይ ያልሠራሁትን ሥራ ሠርቷል።

ሦስተኛው ሁለተኛው ሙክት ነው። ይህ ወደ ፉርሽካው መጣና አፉን ነክሮ ተወው። ጉንጩ አብጧል። ከጆሮ ሥር አይደለም፤ ወደ አፉ ቀረብ ይላል። ለሃጩ ይንጠባጠባል። እጄን ሳስጠጋ ሞቀኝ፤ ስነካው ዘለለ። አፉ ይሸታል። እማማ «ያው አንድ በሽታ ነው» ትላለች። አይደለም። እንዲያውም ከመጀመሪያው ሙክት ጋር የሚያመሳስለው ፊት ላይ ማበጡ ብቻ ነው።

«እንጃ» የተባለችው ደግሞ ትልቋ እናት ናት። እባጭ የላትም። ትበላለች፤ ግን አከርካሪዋ በእጅ ይቆጠራል። አልፎ አልፎ ትስላለች። እሷን ለኋላ አቆየኋት።

ሰው እግሩ ሲቆስል ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ያወጣ የለ? ንፍፊት ማለት ሰውነት ጀርምን የሚያጣራበት ዕጢ ነው። በግም ፊቱ ወይም አፉ ሲቆስል የሚያብጠው ከጆሮው ሥርና ከመንጋጭላው ሥር ያለው ዕጢ ነው። ስለዚህ እባጩ የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ይናገራል። ልክ ዕጢው ያለበት ቦታ ላይ ከሆነ፣ ክብ ከሆነ፣ ካልሞቀ፣ በጉም እየበላ ከሆነ የዕጢ መግል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጉንጭ ላይ በቀናት ውስጥ አብጦ የሚሞቅና የሚያም ከሆነ እሾህ ወይም ስንጥር እፈልጋለሁ። ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ፣ ድንጋይ የመሰለ፣ ቆዳው ላዩ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ደግሞ የጥርስ ሥር ወይም የመንጋጭላው አጥንት ራሱ ነው። ያንን በምላጭ መቅደድ ትርፉ ደም ነው።

የዕጢውን መግል የሚያመጣው ጀርም ኮርኒባክቴሪየም ሱዶቱበርኩሎሲስ ይባላል። በሽታው በመጽሐፍ ስሙ ኬዚየስ ሊምፋዴናይትስ ነው። እኔ ለእማማ «አይብ ያለው ንፍፊት» ብዬ ነው ያስረዳኋት። ፈረንሳዊው ኖካር ጀርሙን በፈረንጆች 1888 ከከብት አገኘው፤ ፕሬይስ የተባለው ሃንጋሪያዊ በ1891 ከበግ አወጣው። ባቡሩ እዚህ ደርሶ ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚያው በፈረንጆች በ1902 ነው። ጀርሙ ስም ያወጣው ከከተማችን ቀድሞ ነው።

ይህን ስናወራ ጎረቤት ያሉት የባቡር ጡረተኛ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አሉ። አባባ እንላቸዋለን። በእጃቸው ፌሮ ብረት ይዘዋል። ከሰል ላይ አቆይተውት ጫፉ ቀልቷል።

«ልጄ፣ ይኼን አንዴ ጣል ማድረግ ነው፤ ዲፖ በነበርኩ ጊዜ ስንቱን ፍየል አድኛለሁ።»

በምሥራቅ መተኮስ የቆየ ነገር ነው። አባባን ፊት ለፊት «ተሳስተሃል» ማለት አያስፈልግም። «አባባ፣ ብረቱን ለሌላ ጊዜ አቆየው» አልኩት። ያልበሰለ እባጭ ሲተኮስ ቆዳው ይቃጠላል፣ መግሉ ውስጥ ይቀራል። የበሰለ ከሆነ ደግሞ ይፈነዳና መግሉ ግቢው ላይ ይረጫል። ያኔ እኔ ኅዳር ላይ በምላጭ የሠራሁትን እሱ በብረት ይደግመዋል። ይህን የመጨረሻውን አልነገርኩትም።

ምን እናድርግ? የመጽሐፉ ምክር ቀጥተኛ ነው፤ የታመመውን ከመንጋው አውጣ ይላል። 9 በግ ላላት ሴት 3ቱን አስወግጂ ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው። እማማ ቀድማ ደላላ ጠርታ ነበር። ደላላው እባጩን አይቶ በግማሽ ዋጋ ልውሰዳቸው አለ፤ እባጩን ለገዢው እንደማይናገር ግን ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። እኔ እንዳትሸጥ ለመንኳት። በጉ ገበያ ወጣ ማለት እባጩ ሌላ ሰው ግቢ ሄዶ ይፈነዳል ማለት ነው። እሷም ያቺን የኅዳሯን በግ ያገኘቻት እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሱቅ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል የጀርም መድኃኒት ገዝቶ ሁለቱን ሙክቶች ወግቷል። ለመጀመሪያው የፈየደው የለም። ይህ ጀርም ከነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይደበቃል፤ በዚያ ላይ እባጩ ወፍራም ልባስ ስላለው መድኃኒቱ መሀሉ አይደርስም። መርፌው እባጩን ለሳምንት ሳያሳድገው ይቆይ ይሆናል፣ በቃ። ጠርሙሱን አስመጣሁ። ጀርባው ላይ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለ28 ቀን ሥጋው አይበላም ይላል። አረፋ ሁለት ወር ቀርቶት ነበርና ተረፍን። ለአረፋ አንድ ሳምንት ሲቀር ቢወጋው ኖሮስ?

ከሁለተኛው ሙክት ጀመርን፤ የሚያመው እሱ ነው። ልጁ ራሱን ያዘ፣ እኔ በስልኬ መብራት አፉን አየሁ። የበግ መንጋጋ ጥርስ ምላጭ ነው፤ ጣት አይገባም። በዱላ ጉንጩን ወደ ውጭ ገፋሁት። ከላይኛው ጥርሱ ጎን ጥቁር ነጥብ አለች። በመቆንጠጫ ይዤ ስስባት ወጣች፣ ወጣች፣ አሁንም ወጣች። የማሽላ አገዳ ስንጥር ናት። ርዝመቷ ከትንሿ ጣቴ ሁለት አንጓ ይሆናል። ተከትሏት የወጣው ቀጭን፣ ቡናማና የሚገማ መግል ነው። አባባ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ግን ሽታው ደስ አለኝ። የሚሸተው መግል የእሾህና የስንጥር ነው፤ የማይሸተውን ነው የምፈራው። አፉን በጨው ውሃ አጠብን። እንዲህ ላለው መርፌ ይሠራል፤ በክብደቱ ለክቼ ለ3 ቀን ፔንስትሬፕ የሚባለውን የጀርም መድኃኒት ወጋሁት። በአራተኛው ቀን አገዳ ሲያኝክ አገኘሁት። ስንጥር ያበላውን አገዳ መሆኑ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያው ሙክት። አሁን ኒሙ ሥር አልሄድኩም። በሩ አጠገብ ያለችው ሲሚንቶ ላይ ትልቅ ላስቲክ አነጠፍን። ሌሎቹ በጎች ወጡ። ሁለት ጓንት ደርቤ አደረግኩ፤ ልጁም አደረገ። ይህ በሽታ ወደ ሰው መተላለፉ ብርቅ ነው እንጂ ጨርሶ አይተላለፍም አይባልም። እጁ የተሰነጠቀ ሰው መግሉን ሲነካ እሱም ንፍፊት ሊያወጣ ይችላል።

መጀመሪያ ጸጉሩን ላጨሁ። በአዮዲን ሦስት ጊዜ ጠረግኩ። 18 ቁጥር መርፌ ሰክቼ ሳብኩ። ደም ቢመጣ ኖሮ እተወው ነበር። መጀመሪያ ምንም አልመጣም፤ መግሉ ለመርፌው ወፍሮበታል። ሲሪንጁን አጥብቄ ስስበው ጥርስ ሳሙና የመሰለ ነገር ጫፉ ላይ ብቅ አለ። አሸተትኩ። ምንም።

ማደንዘዣ 2 በመቶ ሊዶካይን ነው። በጉ 28 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ከ4 ሚሊ አላሳለፍኩም። በግና ፍየል ላይ ሊዶካይን ሲበዛ ያንዘፈዝፋል። ሰው ላይ እንደሚሠራው እየመሰለው ሲሪንጁን ሙሉ የሚያፈስ አይቻለሁ።

ጆሮ ሥር ምላጭ ማስገባት የሚያስፈራው ስለሕመሙ አይደለም። ከጆሮ ሥር ተነስቶ በጉንጭ ላይ ወደ ከንፈር የሚሄድ ነርቭ አለ። እሱ ከተቆረጠ ከንፈሩ ይወርዳል፣ ጆሮው ይንጠለጠላል። ምራቅ የሚያመነጨው ዕጢም እዚያው ነው፤ እሱ ከተቀደደ ቁስሉ ምራቅ ሲያፈስ ይኖራል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ትልቁ የአንገት ደም ሥር አለ። ስለዚህ ምላጩ የሚገባው ጸጉሩ የረገፈበትና ቆዳው እንደ ፊኛ የሳሳበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የታችኛው ጫፍ ከእባጩ ወለል ጋር እኩል እንዲሆን። ቆዳው ከተከፈተ ምላጩ ሥራው አለቀ፤ የቀረው የጣት ነው።

ልጁን በርጩማ የሚያህል የተቆረጠ ጀሪካን አስይዤው ነበር፤ ታችኛው ላይ በረኪና ያለው ውሃ አለ። ጨመቅኩ። መግሉ አልፈሰሰም፤ እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ወጣ። አንዱን ቁራጭ ጎዝ ላይ አኖርኩትና በምላጩ ለሁለት ከፈልኩት። መሀሉ ላይ ክብ፣ በክቡ ዙሪያ ሌላ ክብ፣ በዚያ ዙሪያ ደግሞ ሌላ። ሽንኩርት በአግድም ሲቆረጥ እንደሚታየው። በግ ላይ ቆየት ያለ አይብ ያለው ንፍፊት እንዲህ ነው የሚታየው። ፍየል ላይ ብዙ ጊዜ ክቡ የለም፣ ልሙጥ ነው። እማማ ጎንበስ ብላ አየችውና «ያን ጊዜም እንዲህ ነበር» አለች። አዎ ነበር።

ከአንዱ ቁራጭ ትንሽ በመስታወት ላይ ቀባሁ። ማታ ቀለም ነክሬ በማይክሮስኮፕ ሳየው ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ አጫጭር በትሮች ናቸው፤ አንዳንዱ ክብ፣ አንዳንዱ ዱላ፣ እንደ ቻይና ፊደል የተደራረቡ። ቀሪውን ላቦራቶሪ ላለ ወዳጄ ሰጠሁት። ከ48 ሰዓት በኋላ ያበቀለውን ነገረኝ፤ ትናንሽና ደረቅ፣ በሽቦ ሲገፉት ሳይሰበር ሳህኑ ላይ የሚንሸራተት። ስሙን ሳይጠራው ገባኝ።

ባዶ የሆነውን ጉድጓድ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በተበረዘ ፖቪዶን አዮዲን አጠብኩት፤ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሜ። አልሰፋሁትም። ከውስጥ ወደ ውጭ መዳን አለበት፤ ላዩ ቀድሞ ከተዘጋ መግሉ ይመለሳል። አዮዲን የነካ ጎዝ ወተፍኩበትና ጫፉን አስቀረሁ። ለዝንብ የሚሆነውን ሰማያዊ ስፕሬይ ዙሪያውን ብቻ ነፋሁ። ላስቲኩ፣ ጎዙ፣ ጓንቱ፣ መግሉ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ላምባ ፈሰሰበትና ተቃጠለ። በረኪናው ብቻውን አይበቃም፤ መግልና አፈር ያደክመዋል።

ፎርማሊን በእባጩ ውስጥ ወግተው የሚያደርቁ አሉ። እኔ አላደርገውም፤ ያ ሥጋ ነገ ሰው ሳህን ላይ ይቀርባል።

ሙክቱ የድሮው ዶሮ ቤት ውስጥ ብቻውን ታሰረ። ልጁ በየቀኑ እንዲያጥበው አሳየሁት። አንድ ሕግ ብቻ አስያዝኩት፤ ጤነኞቹን ቀድመህ ታበላለህ፣ የታመመውን መጨረሻ።

ጠቦቷን አልነካኋትም። ጠጣር ነው፤ አልበሰለም። ያልበሰለ መቅደድ ደምና ሕመም ብቻ ነው። እሷም ለብቻዋ ትታሰር ተባለ። ልጁ ጠዋት ጠዋት በጣቱ እየዳበሰ «ዛሬም ድንጋይ» ይለኛል በስልክ።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስዞር ነው ገበታቸውን ያየሁት። የተከፈለ በርሜል ነው። ፊት ለፊቱ የእንጨት ፓሌት ቆሟል፤ በጎቹ በእንጨቱ መሀል ራሳቸውን አሾልከው ይበላሉ። አንዱ እንጨት ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ወጥቷል፣ ልክ የበግ ጉንጭ በሚደርስበት ከፍታ። ተጠጋሁ። ጫፉ ላይ ጸጉር ተሰክቷል፤ ሥሩ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆበታል።

ጸጉሩ ጥቁር ብቻ ነው። አንድም ነጭ የለም። ከእነዚህ በጎች ጥቁሩ ራስና አንገት ነው። ገላቸው ሽቦውን አይነካውም። በቀን ሁለቴ፣ 9 ፊት፣ በአንድ ሽቦ።

እማማን ጠራኋት። ቆማ አየችው። «ይኼን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ በመስከረም» አለች ቀስ ብላ። እኔም ኒሙ ሥር ያደረግኩትን ያኔ ነገርኳት። የዚያን በግ መግል መሬቱ ላይ አፈሰስኩት፤ ውሃ ደፋንበት። ጀርሙ አፈርና ጭድ ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ በተለይ ጥላና እርጥበት ካገኘ። የድሬ ፀሐይ ቢያገኘው ኖሮ ሥራውን ታቀልልን ነበር። እኔ ግን ከተማው ውስጥ ካሉት ጥላዎች ጥሩውን መርጬለታለሁ። በጎቹ እዚያ ይተኛሉ፣ ተነስተው ሽቦው ላይ ይቧጨራሉ።

«እንግዲህ ተካክለናል» አለች። ሌላ ነገር አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አባባ ፒንሳ አምጥቶ ሽቦውን አወጣው፤ በምትኩ ለስላሳ ቧንቧ አሰረ። «ብረቱን ለዚህ ነበር ያቆየኸው» አልኩት፣ ሳቀ። ኒሙ ሥር ያለውን አፈር አራት ጣት ያህል ፍቀን አነሳንና ኖራ በተንበት። በርሜሉ ታጠበ፣ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተደፋ።

ልወጣ ስል አንዲት የአጥር ጎረቤት በግ እየጎተተች መጣች። «ዶክተርዬ፣ ይቺንም ቅደድልኝ።» ከመንጋጭላዋ ሥር አብጧል። ግን እብጠቱ መሀል ላይ ነው፣ ወደ ሁለቱም ጎን የተንጠለጠለ፣ እንደ ውሃ የያዘ ከረጢት። ጣቴን ተጭኜ ሳነሳ ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። ጠዋት ጠዋት እንደሚቀንስና ማታ እንደሚጨምር ራሷ ነገረችኝ። የዓይኗን ቆብ ገለበጥኩት። ቀይ መሆን ሲገባው እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ይቺ መግል የላትም፤ ሆዷ ውስጥ ደም የሚመጥ ትል ነው ያለባት። ደሟ ሲሳሳ ውሃው ወደ መንጋጭላዋ ወረደ። ምላጭ ቢገባባት ውሃ ፈሶ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ በጓ በትሉ ትሞታለች። የትል መድኃኒት አጠጣናት። ፊት ላይ ያበጠ ሁሉ አይቀደድም ስል ይህችን ነው የማስበው።

ጠቦቷ በሦስተኛው ሳምንት ለሰለሰች። በዚያው ላስቲክ፣ በዚያው አሠራር ከፈትናት። ሙክቱ በአራተኛው ሳምንት ቁስሉ ጠገገ፤ ጆሮው ሥር ጸጉር የሌለባት ትንሽ መስመር ቀረች።

ትልቋ እናት ግን እየከሳች ሄደች። የትል መድኃኒት ወስዳለች፣ ጥርሷ ደህና ነው፣ እየበላች ትከሳለች። ይህ በሽታ ውጭ ምንም ሳያሳይ ሳንባና ጉበት ውስጥ ሊቋጥር ይችላል። ለእማማ የማስበውን ነገርኳት፤ በማግስቱ አሳረደቻት። ሳንባዋን ስንከፍት ሁለት ቦታ ላይ ያው ክብ በክብ ነገር አለ። ሥጋዋ እንደማይበላ ሳልናገር ገባት። ልጁ «ለውሻ ልስጥ?» ሲል አይሆንም አልኩት። «ሐረር ወስደን ለጅብ እንስጣታ!» አለ አባባ። ሳቅን፤ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርናት። ከ9ኙ ከሁሉም በፊት የታመመችው እሷ ትሁን ወይስ የኅዳሯ በግ፣ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ።

ለአረፋ እማማ ሁለተኛውን ሙክት ሸጠች። ለገዢው ስለ አገዳ ስንጥሩም ስለ መርፌውም ነገረችው፤ ቀኑ አልፎ ነበር። የመጀመሪያውን ለራሷ አስቀረች። ግልጽ በሽታ ያለበት በግ ለኡድሂያ፣ ለአረፋ መሥዋዕት፣ እንደማይሆን ታውቃለችና ሼኹን አስጠርታ ጠባሳውን አሳየችው። እሱም ዳብሶ፣ አስሂዶ፣ «ይኼ ድኗል» አለ። እኔ አላመንኩም ነበርና በዕለቱ ሄድኩ። ሲታረድ ሳንባውን ተቀብዬ በጣቴ ከላይ እስከ ታች ዳሰስኩት፤ ጉበቱንም። ንጹሕ ነው። የቀኝ ጆሮው ሥር ያለውን ዕጢ ሳይከፈት ቆርጬ አወጣሁና እሳት ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ እጄን ታጥቤ በላሁ።

ባለፈው ሰኞ ልጁ ደውሎልኝ ነበር። የኅዳሯ በግ በግራ ጆሮዋ ሥር፣ በድሮው ቦታ፣ ሽምብራ የምታህል ነገር አብቅላለች። ይህ በሽታ እንዲህ ነው፤ ተመልሶ ይመጣል። እማማ አልሸጣትም ብላለች። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ለብቻዋ አስራ ገራባ እየለቀመች ታመጣላታለች። ሐሙስ እሄዳለሁ፤ ላስቲኩን ይዤ።